የዓፊያ ማድያት

ከሚሴ ውስጥ ዓፊያ የሚባሉ ሴቶች ስለሚበዙ እሷን «ጠይሟ» ይሏታል። ጠይምነቷም ወዙ ከሩቅ የሚያበራ፣ ጥቁር ጠይምነት ነበር። እናቷ በሰሊጥ ዘይት እያሸች ነው ያሳደገቻት። ከዚያ ወዲያ ለፊቷ ብላ የገዛችው ቅባት የለም፤ ደም ግባት ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ሳይንከባከቡት የሚሰነብት ነገር ይመስላት ነበር።

ዓፊያ ድሪያና ሽርጥ ነጋዴ ናት። እሁድ ሰንበቴ ገበያ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ትውላለች። ሸራ የምትወጥረው ለጨርቁ ነው፤ ፀሐይ ቀለሙን እንዳያስለቅቀው። እሷ ግን ከሸራው ወጥታ ለኦሮሞው በኦሮምኛ፣ ለደገኛው በአማርኛ፣ ለአፋሩም በምታውቃት ጥቂት አፋርኛ ገዢ ስትጣራ ትውላለች።

ሃምሳን በተሻገረች ሰሞን፣ ጥላሸት የነካው ጣት ያለፈበት የመሰለ ነገር ጉንጮቿ ላይ ታየ። ታጠበችው፤ አልለቀቀም። እየሰፋ ሄዶ ግንባሯን ያዘ። ቆዳዋም ወዙን አጥቶ አመድ መሰለ። የጠየቀቻቸው ሁሉ «ማድያት ነው፤ የዕድሜ ነው» አሏት። ባሏ ኑርሁሴን «ለኔ ያው ነሽ» አላት፤ ከልቡም ነበር። መስታወቱ ግን እንደሱ አላላትም።

አብሮ አደጓ ነጅዋ የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ አላት። አንድ ቀን ዓፊያ በሱቁ ደጅ ስታልፍ ጠራቻት።

«አካም ጅርተ ዓፊያ! ምነው እንዲህ ከሰልሽ?» አለቻትና ከባንኮኒው ስር ጽሑፍ የሌለበት ነጭ ዕቃ አወጣች። «አብሽሪ፤ ማታ ማታ ተቀቢው። ወላሂ ትገረሚያለሽ።»

እውነትም ተገረመች። ወር ሁለት ወር ሳይሞላ ጥቁረቱ ጠፋ። ጠፍቶም አላበቃ፣ ፊቷ ከአንገቷ ቀላ። ገበያ ላይ ሴቶቹ «ማሻ አላህ! ምን አገኘሽ?» ይሏት ጀመር። ዓፊያ ሻሿን ወደ ኋላ ሸሸት አድርጋ መቆም ለመደች። ሴት ልጇ ሰልሳቢል፣ መልኳ ቁርጥ እናቷን የሆነችው፣ ይህን ሁሉ ታይ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ቅባቱ ከዳት። መጀመሪያ በርበሬ እንደነካው ያቃጥላት ጀመር። ቀጥሎ ጥቁረቱ ተመለሰ፤ ግን የበፊቱ አይደለም። ሰማያዊ የሚመስል ጥቁር፣ በጣት ሲዳብሱት እንደ ጤፍ የሚሻክር ሆኖ መጣ። ደንበኞቿ ፊቷን እያዩ «ጉበት ነው?» ይሏታል። ሻሿን ወደ ፊት ሳበች።

ደሴ ወጥታ ለአንዲት የቆዳ ሐኪም ታየች። ሐኪሟ በዕድሜ ሰልሳቢልን የምታክል፣ ድምፅዋ ለስላሳ ልጅ ናት።

«እናቴ፣ ማድያቱ ቀላል ነበር» አለቻት። «አሁን ያለብዎትን ያመጣው ቅባቱ ነው። ጠይም ቆዳ ሲቆጣ ጥቁር ጠባሳ ነው የሚተወው፤ በዕድሜ ሲሳሳ ደግሞ ይብስበታል።»

«ይለቃል?»

«ይቀንስ ይሆናል። እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ ግን አልዋሽዎትም። ቅባቱን ያቁሙ፤ ከፀሐይም ይራቁ።»

«ልጄ፣ እንጀራዬ እኮ ፀሐይ ላይ ነው!»

ሐኪሟ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ጻፈችላት። ዓፊያ ተቀብታው ባቲ ብትሄድ ጠይም ፊቷ ላይ ኖራ መሰለ፤ ሰው ሳቀባት። ኮረንቲ እንደነካው ሰው ደንግጣ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። የነጅዋን ቅባት ግን አቆመች። ፊቷ አበጠ፣ ተላጠ፣ አሳከካት፤ ቻለችው።

ሰልሳቢል ለቶፊቅ ታጭታ፣ የጋብቻ ኒካው ሲቃረብ ነው ሌላ ጣጣ የመጣው። ዓፊያ አንሶላ ልታጥብ የልጇን ትራስ ስታነሳ የነጅዋ ቅባት ሽታ አፍንጫዋን መታት። ያንን ሽታ የትም ታውቀዋለች።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ፊቴን እያየሽ?» አለቻት፣ እጇን ይዛ።

«እማ፣ አንቺ ቆዳሽ ካረጀ በኋላ ነው የተቀባሽው። የኔ ወጣት ነው። ደግሞ ለኒካው ብቻ ነው።»

«ቶፊቅ እንዲህ ጠይም ሆነሽ አይደል የወደደሽ?»

«ቶፊቅ ምንም አላለም። እናቱ ናት ‹ትንሽ ጠቆር ትላለች› ያለችው።»

ዓፊያ ነጠላዋን ደርባ በቀጥታ ነጅዋ ሱቅ ሄደች። ነጅዋ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ፊቷን መሸፈን ጀምራለች፤ ሰዉም ሃይማኖቷን፣ ዲኗን አጥብቃ ነው ይላል።

«ለልጄ አትሽጪላት። በአላህ ይሁንብሽ!»

ነጅዋ በሩን ገርበብ አደረገችና ሽፋኗን ገለጠች። ከዓፊያ የባሰ ነበር፤ ከቅንድቧ እስከ አገጯ ጠቁሮ፣ ዓይኗ ስር ደም ስሩ ይታያል።

«እኔም ማቆም አቃተኝ» አለች። «ለሦስት ቀን ከተውኩት እሳት ነው። እኔ ብከለክላት ልጅሽ ባቲ ሄዳ ትገዛዋለች። ምን ላድርግ በይኝ፣ ዓፊያ?»

ዓፊያ ለቁጣ ሄዳ፣ አጠገቧ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ኑርሁሴንም ልጁን መከረ። ሰልሳቢል «እሺ አባ» አለች፤ ዕቃውን ሌላ ቦታ ደበቀችው። የኒካው ዕለት ሴቶቹ እልል እያሉ «እንዴት አምራ ወጣች! ቀይ በቀይ ሆነች!» ሲሉ፣ ዓፊያ እንግዳ ከምታስተናግድበት ቆማ የልጇን ጉንጭ ብቻ ታይ ነበር። ቅባቱ የሚያምርበት ጊዜው አሁን እንደሆነ፣ ኋላ እንደሚከዳት ታውቃለች። ለማን ትንገረው? ማን ይሰማታል?

ሰልሳቢል ከቶፊቅ ጋር ኮምቦልቻ ገባች። ዓፊያ በስልክ «ፊትሽ እንዴት ነው?» ባለቻት ቁጥር «ደህና ነው እማ» ትላለች፤ ወሬውን ወደ ሌላ ትወስዳለች።

ለአረፋ በዓል መጣች። ፊቷ ላይ ፓውደር በዝቷል። ሰላት ልትሰግድ ውዱእ አድርጋ ስትመለስ ውኃው ፓውደሩን አጥቦት ነበር፤ ከጉንጯ አጥንት በላይ ያ ሰማያዊ ጥላ ወጣ። እናትና ልጅ ተያዩ።

«ያቺ የደሴዋ ሐኪም፣» አለች ሰልሳቢል ቀስ ብላ፣ «አሁንም አለች?»

ከበዓሉ ማግስት ዓፊያ ሐኪሟ ወደምትሠራበት ደወለች። ስልኩን ያነሳው ሰው ሐኪሟ ተዛውራ መሄዷን፣ በምትኳ ገና ሰው እንዳልተመደበ ነገራት። መቼ እንደሚመደብም አያውቅም።

ዓፊያ ስልኩን ዘጋች። ሰልሳቢል በሩ ላይ ቆማ እየጠበቀቻት ነው።

«ምን አሉ እማ?»

«ተዛውራለች» አለቻት ዓፊያ፤ ሻሿን ፈታ በሩ ላይ ፀሐይ የመታውን የልጇን ፊት ጋረደችላት።