ለዘይኔ የቀረበለት ወዳጅ

ዘይኔ ከወሎ ተነስቶ በየመን በኩል ዐረብ አገር ገባና ደርብ በምትባል ከተማ አካባቢ በግ ጠባቂ ሆነ። አቡ ነስር የሚባለው አሠሪው በዱላ የጎኑን አጥንት ሲሰብረው አምልጦ ባይሽ የምትባል ሌላ ከተማ ደረሰ፤ እዚያ ከአገሩ ልጅ ከኑረዲን ጋር በአንድ የቲማቲም እርሻ ተቀጠረ። ስሙን አብዱልፈታህ አለ፤ ጢሙን አሳደገ፤ በስልኩ አዲስ ገጽ ሲከፍትም በፊቱ ፋንታ የግመል ፎቶ ለጠፈ።

ስልክ ቁጥሩን ግን አልቀየረም። ወረቀት የሌለው ሰው በስሙ ሲም ካርድ ማውጣት አይችልም፤ መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው አንዴ ካወጣለት እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃታል። አገር ቤት ያሉት እናቱም የሚያውቁት ያንኑ ቁጥር ብቻ ነው።

አንድ ቀን ለምሳ አረፍ ብለው ሳለ ዘይኔ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«ኑረዲን! ና እስቲ ጉድ እይ! ይህ ዕቃ አቡ ነስርን ጓደኛ አድርገው ይለኛል!»

ኑረዲን ስልኩን ተቀብሎ አየ። «ሊያውቋቸው የሚችሉ ሰዎች» ከሚለው ጽሑፍ ሥር አቡ ነስር የፍየል ግልገል አቅፎ ፈገግ ብሏል።

«ፎቶው ላይስ ደግ ይመስላል።»

«ደግ? የጎኔን አጥንት ጠይቀው!»

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው፤ ብልሃቱን ብቻ ላየው በእውነት ያስደንቃል። መተግበሪያው ሲከፈት፣ በስልክህ ያሉትን ቁጥሮች ልይ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አቡ ነስር «እሺ» ብሏል። በስልኩ ውስጥ ደግሞ የዘይኔ ቁጥር «እረኛው» ተብሎ ተመዝግቦ ኖሯል። ዘይኔ አዲሱን ገጽ የከፈተው በዚያው ቁጥር ነው። መተግበሪያው ጢም አያይም፤ ግመልም አያታልለውም። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ ሰዎቹ ይተዋወቃሉ ይላል፤ አንዱን ለሌላው ያቀርባል፤ ለአቡ ነስርም የግመሉን ገጽ «እረኛው» ብሎ አቅርቦለታል። ማን ከማን እንደሸሸ ግን አይጠይቅም። ይህን ሁሉ ያሰቡ ሰዎች ይህችን አንዲት ጥያቄ ማሰብ እንዴት አቃታቸው? ዱላ የያዘውንም ዱላ ያረፈበትንም እኩል «ወዳጅ» ማለት ምን ዓይነት ድፍረት ነው?

ወዲያው ከአቡ ነስር የድምፅ መልእክት ገባ፤ በዐረብኛ ነው። «አንተ ዘይኔ! የባይሽ ቲማቲም ደረሰ ወይ? ያላ፣ መጣሁልህ።»

ኑረዲን ክው አለ። በዘይኔ ገጽ ላይ ያለው ጓደኛ እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በቲማቲም ሣጥኖች መሀል የተነሳውን ፎቶ «ባይሽ» ብሎ ለጥፎታል። የእርሻው በር ሳይቀር ይታያል።

«እኔ ነኝ ያስበላሁህ ወንድሜ። ዝጋበት!»

«ቤቴን ካወቀ በኋላ ብዘጋበት ምን ይጠቅመኛል? ኸላስ፣ አለቀ! አንተማ ፎቶ ብቻ ነው የለጠፍከው። ይህን ዕቃ የሠሩትን ማን አስታርቁን አላቸው? ማን?»

ጨርቁን በፌስታል ጠቅልሎ እናቱ ዘንድ ደወለ።

«እማዬ፣ ይህ ቁጥር ከዛሬ ጀምሮ አይሠራም። እኔ እደውላለሁ።»

«እኔ ብታመምስ ልጄ? በምን ያገኙሃል?»

ስልኩ ሲዘጋ ሲሟን አውጥቶ በጥርሱ ሰበራት፤ ስብርባሪዋን እንትፍ ብሎ፣ እየተራገመ ወደ አሐድ አል-መሳርሐ ከተማ የሚወስደውን መንገድ በእርሻው ጥጋጥግ ተያያዘው።