የአበልጄ ገመድ

የመሐል ሜዳ ሰው መብራት ሲጠፋበት መጀመሪያ የሚያደርገው ወደ ጎረቤት ቤት ማየት ነው። እኛ ዘንድ መብራት ለሁሉም እኩል አይጠፋም። ምሰሶው ላይ የተዘረጋው መስመር ሦስት ነው፤ አንዱ ቤት ከአንደኛው፣ አጠገቡ ያለው ከሌላው ተቀጥሏል። ስለዚህ የእኔ ቤት ጨልሞ አጥር የምትጋራኝ ሴት ቴሌቪዥን ስታይ ታመሻለች። በሌላ ቀን ደግሞ ተራው የእሷ ነው። ይህን ያወቀ ሰው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ገመድ ገዝቶ ከጎረቤቱ ይስባል፣ ጎረቤቱም ከእሱ። ሰፈራችንን ቀና ብሎ ላየ እንግዳ ድመት የተጫወተችበት ፈትል ይመስለዋል፤ በጣራው፣ በአጥሩ፣ በተንጋደደው የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ሁሉ ገመድ ተተብትቧል። እንግዳ ይስቃል። እኛ ግን የትኛው ገመድ ከማን ቤት ወጥቶ ማን ቤት እንደሚገባ እናውቃለን። ማን ከማን ጋር እንደሚዋደድ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ለማወቅም ቀና ማለት ይበቃል። እኔ ሞኟ እንዲህ ነበር የማምነው።

አጥር የምትጋራኝ ሴት አበልጄ ናት። ትልቋን ልጇን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። እህትን እግዜር ይሰጣል፤ አበልጅን ግን ሰው ራሱ መርጦ፣ በቤተ ክርስቲያን ፊት ነው የሚይዛት። በመካከላችን ባለው አጥር ላይ ሁለት ገመድ ነበር፤ አንዱ ከእሷ ወደ እኔ፣ ሌላው ከእኔ ወደ እሷ። የዘረጋናቸው አብረን ነው። እኔ መሰላሉን ይዤ፣ እሷ ቀሚሷን ሰብስባ ጣራው ጫፍ ላይ ወጥታ፣ መንገደኛው እያየን ስንሳሳቅ ነው የዋልነው።

አምና ከባሌ ከተለያየሁ በኋላ ገጠር ያሉት አባቴ ድርሻዬ የሆኑትን በጎች ሰጡኝ። እኔም ሸጥኳቸው። መሐል ሜዳ በተከራየሁት ቤት ጫጩት አሳድጌ ልኖር ወሰንኩ። አባቴ ይህን ሲሰሙ ሳቁብኝ፤ ሲቆጡ ነው የሚስቁት።

«አንቺ ልጅ፣ በግ እኮ ጋቢዋን ለብሳ ነው የምትወለደው» አሉኝ። «የአንቺ ጫጩት ጋቢዋ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። እነዚያ የመብራት ሰዎች ባሰኛቸው ቀን ይገፏታል።»

«አባባ፣ ጎረቤት አለኝ» አልኳቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለውንም ጨመርኩበት፤ ለአባቴ ተረት መምዘዜ አይገርምም? እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለታችንም የምናውቀውን አልተነጋገርነውም፤ የጫጩቱ ሥራ ከከሸፈ መመለሻዬ እሳቸው ቤት፣ ያውም ባዶ እጄን ነው።

ከሐምሌ ሥላሴ በኋላ ጫጩቶቹን ከደብረ ብርሃን በካርቶን አድርጌ በሚኒባስ አመጣኋቸው። ተሳፋሪው ሁሉ ጭውጭውታቸውን እየሰማ መጣ፤ አንዱ ሽማግሌማ «መዘምራን አሳፍራችኋል እንዴ?» እያለ ሾፌሩን ይጠይቅ ነበር። ቤት አድርሼ በትንሿ ክፍል ውስጥ ገለባ አነጠፍኩላቸው፤ በላያቸውም ሁለት ትልልቅ አምፖል ዝቅ አድርጌ ሰቀልኩ። አንደኛው የራሴ መስመር ነው፣ ቀንም ሌትም ይበራል። ሁለተኛው የአበልጄ ነው። የእኔ ሲጠፋ እሷ ከቤቷ ሆና ሶኬቱን ትሰካለች፣ ይበራል። መጥፋቱን የምታውቀው ደጄ ላይ ቀኑን ሙሉ በማበራው አምፖል ነበር። ሰው «በጠራራ ፀሐይ መብራት ታበሪያለሽ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር፣ በመንዝ ክረምት የምን ፀሐይ እንደሆነ እንጃ። ሐምሌ እስኪያልቅ ድረስ የእኔ መስመር አንድ ሁለቴ ጠፍቶ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሳልጣራ ሰክታልኛለች።

ፍልሰታ ገባ። ቅዳሴው የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ቤቱ ባዶ ነው የሚውለው። አበልጄ የምታጠባው ሕፃን ስለነበራት ቤት ትውላለች። ነጠላዬን አጣፍቼ በደጇ ሳልፍ በየቀኑ ብቅ ትልና «ሂጂ አበልጅ፣ ሐሳብ አይግባሽ፣ እኔ አለሁ» ትለኛለች። በየቀኑ። እኔም ሐሳብ ሳይገባኝ ሄድኩ፤ ለእሷና ለልጆቿ ጭምር እየጸለይኩ።

አንድ ቀን ከቅዳሴ ስመለስ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል። ደጄ ላይ ያለው አምፖል ጠፍቷል። አልደነገጥኩም። እንዲያውም በአበልጄ መስኮት መብራት ሲበራ አይቼ «ተመስገን፣ የእሷ አለ» ብዬ ደስ አለኝ። እግሬን እንኳ አላፈጠንኩም።

የትንሿን ክፍል በር ስከፍት ጭውጭውታ የለም። ሁለቱም አምፖል ጠፍቷል። ጫጩቶቹ ጥግ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ተቆልለዋል። ጫጩት ሲበርደው እንደዚያ ነው፤ ሙቀት ፍለጋ እርስ በርሱ ይወጣጣል፤ የታችኞቹ ታፍነው፣ የላይኞቹ በርዷቸው ያልቃሉ። በእጄ ስገልጣቸው መካከል ላይ የተረፉ ጥቂት አገኘሁ። ጉያዬ ውስጥ ከትቼ፣ እንደ እብድ ወደ አጥሩ ሮጥኩ።

«አበልጅ! ሰክተሽው ነበር?»

«እንዴ! እንደጠፋ ወዲያው ነው እንጂ የሰካሁት» አለችኝ ከውስጥ እየወጣች። «ምነው፣ አልበራም?»

ሁኔታዬን ስታይ ሕፃኗን አዝላ መጣች። ፍም አምጥታ የተረፉትን አብራኝ አሞቀች። የሞቱትንም በማዳበሪያ ከረጢት አብራኝ ሰበሰበች፤ አለቀሰችም። «ነፋሱ ገመዱን በጥሶት ይሆናል» አለች። እኔም አመንኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማልረግመው አልነበረም፤ ነፋሱን፣ ጉሙን፣ ደመና ሲያይ የሚሸሸውን መብራት፣ የመብራት ሰዎችን። እሷም አጠገቤ ተቀምጣ አብራኝ ትራገም ነበር።

መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ መሰላል ተውሼ ገመዱ የት ላይ እንደተበጠሰ ልፈልግ ወጣሁ። ከእኔ ጣራ ጀምሬ በዓይኔ ተከተልኩት። አጥሩን አለፈ፣ ደህና ነው። ምሰሶውን ዞረ፣ ደህና ነው። መሰላሉን አዙሬ በእሷ ቆርቆሮ ክዳን ስር ያለውን አየሁ። ጫፉ እዚያ ነበር። ነፋስ የበጠሰው ገመድ እንደዚያ አይሆንም። በፒንሳ ተቆርጧል፤ ጫፉ ወደ ኋላ ታጥፎ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። ከታች ለሚያየው የተቀጠለ እንዲመስል ደግሞ ከምስማሩ ጋር በሲባጎ ታስሯል። አጠገቡ ከእኔ ቤት ወደ እሷ የሚሄደው ገመድ አለ፤ እሱ አልተነካም።

«አበልጅ፣ ውረጂ፣ ትወድቂያለሽ» የሚል ድምፅ ከታች ሰማሁ። ቆማ ታየኛለች።

ወረድኩ። «መቼ ነው?» አልኳት።

«የፍልሰታ ዋዜማ።»

«በየቀኑ እኔ አለሁ እያልሽኝ?»

«ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሰውዬ፣ ይህን ትልቅ አምፖል በዚህ ቆጣሪ ከጎተታችሁ ቤታችሁ ይነዳል አለኝ። ገመዱም ዝናብ ሲነካው ሲጤስ በዓይኔ አይቻለሁ። ሕፃን ይዤ ነው እኮ የምተኛው!»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ቅዳሴው ቢቀርብኝ እግዜር አይቀየመኝም ነበር። ቤቴ ተቀምጬ በከሰል አሞቃቸው ነበር።»

«ምን ብዬ ልንገርሽ?» አለች እንባዋ እየመጣ። «አበልጄ አይደለሽም እንዴ? ፊትሽን እያየሁ እምቢ ልበልሽ?»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ እኔን ግን ያንገበገበኝ መውደቁ አይደለም። የሚጤሰውን ገመድ መፍራቷን አልጠላሁባትም። እኔም እናት ብሆን እፈራ ነበር። ያቃጠለኝ ያች «ፊትሽን እያየሁ» ያለችው ነገር ናት። እኛ አገር እምቢ ማለት ነውር ነው። እኔ አለሁ ብሎ አለመኖር ግን ነውር አይደለም። ይሉኝታ ይዟት እምቢ የሚለውን ቃል ከእኔ ደበቀችው፣ ደብቃም ጫጩቶቼን ጨረሰች። የሰጠችኝን ቆርጣ ከእኔ የምትቀበለውን ሳትነካው ትታዋለች፤ የእኔ ቆጣሪ ቢነድ ለእሷ ቤት አይተርፍምና። ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። መሰላሉን ተሸክሜ ገባሁ።

የተረፉትን ጫጩቶች ለሰው ሰጠሁ። ጥቅምት ሲጋመስ ቤቱን ልለቅ ዕቃ እያሰርኩ ሳለ፣ አመሻሽ ላይ የአበልጄ ቤት ድርግም አለ። የእኔ አለ። ድሮ ቢሆን «አበልጅ፣ ስኪልኝ!» ትል ነበር። ያን ዕለት አልተጣራችም። ክርስትና ልጄ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና እያነበበች እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሄድኩና ሰካሁላት። ለልጅቷ ብቻ ነው ብል ውሸቴን ነው። እናትየው በእኔ መብራት ስር ተቀምጣ፣ ምን እንዳደረገች ደህና አድርጋ እንድታየው ፈልጌ ነው።

መስኮቷ ቦግ አለ። እግዜር ይስጥልኝ የሚል ድምፅ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ጥቂት ቆይቶ ጥላዋ በመስኮቱ አለፈ፣ እጇ ወደ ግድግዳው ተዘረጋ፣ መብራቱም ጠፋ። ወዲያው የኩራዝ ትንሽ ብርሃን ታየች።

ሶኬቱን እንደተሰካ ትቼ ደጄ ላይ ቆምኩ። አበልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ አለችኝ። ምነው በፍልሰታ ዋዜማ ብትለኝ ኖሮ።