እጇ ጆሮዋን ያልነካ ልጅ

ሲያስገቡኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ የማዳበሪያ ሽታ ነው። እስር ቤቱ በእስቴ ወረዳ፣ ከመካነ ኢየሱስ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቆ የሚገኝ የገበሬ ማኅበር መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም፤ ዓይን ያቃጥላል። ጥጉ ላይ አንዲት ገበሬ ሴት ባዶ ጆንያ አንጥፋ ተቀምጣለች። ትንሽ ሴት ልጇ ጭኗ ላይ ተኝታለች።

የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበርሁ። ለትምህርት የደረሰ ልጅ ሁሉ በነጻ ይማር፣ ልጁን ያላስተማረ ወላጅ ይጠየቅ የሚል መመሪያ ወርዶ ነበር። መመሪያውን ዛሬም ክፉ አልናገረውም። ካድሬያችን ግን ቀድሞ ወደ ወረዳ የላከው ቁጥር በመንደሩ ካሉት ልጆች በለጠበትና ያልደረሱትንም መዝግቢ አለኝ። የልደት ቀን የሚጻፍበት አገር አልነበረምና፣ የምንመዘግበው ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ሲነካ ነው። ያልነካውን ለከርሞ እመልሳለሁ። በዚህ "የአብዮቱ እንቅፋት" ተባልሁ።

ልጅቱ ስትነቃ አወቀችኝና ከእናቷ ጀርባ ተሸሸገች። ከመለስኋቸው አንዷ ናት።

"ወይ ጉድ! እኔንስ አላስተማርሽም ብለው ነው፤ አንቺ አስተማሪዋ ምን አረግሽ እታለሜ?" አለች እናትየው።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ በሩ ሲከፈት ካድሬው ጭቃ እንዳይነካው ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ መጣ። በያዘው ወረቀት ላይ ልጅቱ ተመዝግባ እናቷ እንዳስቀረቻት ተጽፏል። የቀረው የእኔ ፊርማ ነው።

"ጓዲት፣ ፈርሚና ቤትሽ ግቢ።"

"እሷስ?"

"በሕጉ መሠረት ትቀጣለች።"

ልጅቱን ጠራኋት። "እስቲ እጅሽን አሳልፊ።"

አሳለፈች። ጣቶቿ ጸጉሯ ውስጥ ቀሩ። ካድሬው ጎንበስ ብሎ ክንዷን ሳበው። አልደረሰም። አንገቷን ወደ ጎን አጠመመው።

"ይኸው ነካች!"

"እንዲህማ ከሆነ ጥጃዬንም መዝግብልኝ" አለች እናትየው። "ያማጥኋት እኔ፣ ዕድሜዋን የምታውቀው አንተ!"

በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

እስክሪብቶውን ተቀበልሁ። ከተጻፈው ሥር፣ ሰሌዳ ላይ ለልጆች እንደምጽፈው አጥርቼ፣ "ይህች ልጅ ለትምህርት አልደረሰችም። የመለስኋት እኔ ነኝ" ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ።

ቀስ ብሎ አነበበው። "በሌላ ወረቀት፣ እኔ እንዳልሁሽ ትጽፊያለሽ።"

"አንተ ጻፈው፤ በገዛ እጅህ። ስምህንም ከሥሩ አኑር።"

እስክሪብቶውን ዘረጋሁለት። እናትና ልጅ ማሰር ያልከበደው ሰው ስሙን መጻፍ ፈራ። እስክሪብቶውን ተቀብሎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

እናትና ልጅን በሦስተኛው ቀን ለቀቋቸው፤ ያለ እኔ ቃል እሷን የሚከሱበት ማስረጃ አጡ። ስትወጣ ነጠላዋን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋልኝ ሄደች። እኔን እስከ ጥምቀት አቆዩኝ።

ካድሬውን ከብዙ ዓመት በኋላ የደብረ ታቦር አውቶቡስ ላይ አገኘሁት። ሸብቷል። ሳልጠይቀው "እትዬ፣ ያኔ እኮ ታዘን ነው" አለኝ። ከእስሩ በዓመቱ እናትየው ልጅቱን ራሷ እጇን ይዛ አምጥታ እንዳስመዘገበቻት፣ ልጅቱም ከክፍሏ ቀድማ ማንበብ እንደ ጀመረች ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ተውሁት። ለእሱ የሚነገር ወሬ አይደለም።