በጾም የወጣ ተዝካር

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ ከቤቴ ዝቅ ብሎ ካለው መታጠፊያ ላይ፣ አንድ የልብስ ስፌት መኪና ባጃጅ ላይ ሲጫን አየሁ። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ካረፈ ገና ወር አልሞላውም። ሚስቱ ጥቁር ለብሳ በሩን ተደግፋ ታያለች። ቀረብ ብዬ፣ «ምነው ልጄ? አንቺም እኮ ትሰፊበት ነበር» አልኳት።

«ለአርባው ነው፣ እትዬ። ድንኳኑ አለ፣ በሬው አለ... ሳልደግስ ብቀር ሰው ምን ይለኛል?»

ባጃጁ ጭሱን አልብሶን ወደ ገበያ ወረደ። ነገሩ አልቆ ነበርና ወደ ቤቴ ገባሁ። ሻይ አፍልቼ መጠጣት አቃተኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ደግሞ ንዴቱ አዲስ እንዳልሆነ ይታወቀኛል፤ ከየቡ፣ ከልጅነት ቤቴ ይዤው የመጣሁት ንዴት ነው።

የቡ ያኔ ከጅማ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለን የምንደርስባት፣ በክረምት ጭቃዋ ጫማ የምታስቀር፣ ግራ ቀኟ ቡና የሆነ ትንሽ ከተማ ነበረች። አባዬ የከተማዋ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ ነበር። በወጣትነቱ ከሸዋ ተመድቦ መጣ፤ ለጥቂት ጊዜ ነው ብሎ መጥቶ ዕድሜውን እዚያው ጨረሰ። ኦሮምኛውን አቀላጥፎ ይናገራል፤ የመርፌ ዕቃውን በቆርቆሮ ሣጥን ይዞ ሰው በጠራው ሰዓት ገጠር ይወጣል። ከቤታችን ጀርባ ያለውን ቁልቁለት ራሱ መንጥሮ ቡና ተከለበት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሱሪውን ወደ ላይ ጠቅልሎ ከችግኞቹ መሀል ይገባል፤ እኔም ታላቅ ልጁ ነኝና ውሃ አመላልስለት ነበር።

ቤቱ በአባዬ ደመወዝ ይተዳደር ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። የሚተዳደረው በእናቴ በዘነበች እጅ ነው። የአባዬ ነጭ ጋዋን ሲያረጅ የወንድሞቼ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ይሆናል፤ ሸሚዙም ሲያልቅ የፋኖስ መወልወያ። ስኳር የሚገዛው ለታመመ ሰው ነው፤ እኛ ቡናችንን እንደ አገሩ በጨው እንጠጣለን። ገበያ ከመውጣቷ በፊት ጓሮውን ትዞርና ጎመኑን፣ ዱባውን፣ ጎደሬውን አይታ፣ «መጀመሪያ ያለንን እንጨርስ» ትላለች። ጎረቤቶቻችን ቆጣቢ ይሏት ነበር፤ የአባዬ ዘመዶች ደግሞ ቋጣሪ። ሁለቱ ቃላት ለጆሮ ይቀራረባሉ እንጂ በመካከላቸው ትልቅ ገደል አለ። እማዬ ቋጥራ አታውቅም። ደጃችን የደረሰ ሰው ሳይበላ ሄዶ አያውቅም፤ የሚበላው ግን እኛ የምንበላውን ነው።

አባዬ በጥር መጨረሻ ሞተ። ለሕመምተኛ ተጠርቶ ገጠር አድሮ ሲመለስ ደረቱን ያዘው፤ ጅማ ሆስፒታል ሳናደርሰው መንገድ ላይ አረፈ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጨርስ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር፤ ከእኔ በታች ሦስት ልጆች አሉ።

በሰልስቱ ዕለት የአባዬ ታላቅ ወንድም ጋሽ ተሰማ፣ ጅማ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ የነበራቸው ሰው፣ ለቀስተኛው ፊት ተነሥተው ተናገሩ። አርባው ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል ተዝካሩ ከፋሲካ በኋላ ይሁን፣ በሬ ይታረድ፣ ጠጅ ይጣል፣ ጅማም ደዶም ያለ ዘመድ ሁሉ ይጠራ አሉ። ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እማዬ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ መሬት መሬቱን ታያለች። ሐዘን የሰበራት መስሏቸው ማንም አልጠየቃትም። እኔ ግን አውቃታለሁ፤ እማዬ መሬት መሬቱን ስታይ እየወሰነች ነው።

የዚያን ዓመት ዝናብ ቶሎ ጣለ። ቡና ዝናብ ከመታው በኋላ የሚያብበውን ያላየ ሰው እንዴት እንደምነግረው አላውቅም፤ ማታ አረንጓዴ ሆኖ ትተኙና ጠዋት በር ስትከፍቱ ቁልቁለቱ በሙሉ ነጭ ለብሷል። ሽታው ጉሮሮ ውስጥ ይገባል፤ የንቡ ጉርምርምታ ከቤት ውስጥ ይሰማል። አባዬ ያን ሰሞን ሥራ መሄድ ያስጠላው ነበር። ጋሽ ተሰማ አንድ የቡና ነጋዴ አስከትለው የመጡት ልክ በዚያ ሰሞን ነው።

ቡናን በአበባው መሸጥ የሚባል ነገር አለ። ፍሬው ሳይታይ የዓመቱን ምርት ለነጋዴ በርካሽ አስቀድሞ መስጠት ነው። የቸገረው ሰው ያደርገዋል፤ ያደረገውም ሰው በገዛ ጓሮው የሌላ ሰው ቡና ጠባቂ ሆኖ ዓመቱን ይገፋል።

እማዬ ጎደሬ እየኮተኮተች ነበር። መኮትኮቻዋን ሳትጥል ቀና አለች።

«ዘነበች፣ ሰውየው ቸኩሏል» አሉ ጋሽ ተሰማ። «አበባውን ይይና እንጨርስ።»

«ምኑን ነው የምንጨርሰው፣ ጋሼ?»

«የተዝካሩን ነዋ! በሬው በምን ይገዛል?»

«በሬ አልገዛም። አርባው በአርባው ቀን ይወጣል። ቀኑ ጾም ነው፤ በጾም ምግብ ይወጣል፤ ቤት ውስጥ ባለው።»

«ቤት ውስጥ ምን አለሽና?»

እማዬ እግሯ ሥር ያለውን አሳየቻቸው። «ጎደሬ አለኝ።»

ጎደሬን ለማያውቅ፣ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ፣ ሲላጥ እጅ የሚያሳክክ፣ ተቀቅሎ የሚበላ ሥር ነው። አገሬው ይወደዋል። ከደጋ የመጣው የእኛ ወገን ግን በችጋር ቀን ካልሆነ አፉ አያደርሰውም፤ ቢያደርሰውም በሩን ዘግቶ ነው። ጋሽ ተሰማ የሰሙትን ማመን አቃታቸው።

«ለወንድሜ ተዝካር ጎደሬ!»

«ወንድምዎ እኮ ጎደሬ ሲበላ ነው የኖረው፣ ጋሼ። ሲሞት ናቀው እንዴ?»

ጋሽ ተሰማ ከእሷ ጋር እንደማይሆን ሲያዩ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ አልማዝ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ንገሪያት እንጂ! አባትሽ እንደ ወገን የለሽ ሰው ይሸኝ?»

ልቤ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። አባዬን እወደው ነበር። ድንኳን ሙሉ ሰው ስሙን እያነሣ ሲበላና ሲጠጣ ማየት የማን ልጅ ትጠላለች? የማጉረስ ክብር አለ፤ አልክድም። ግን ነጋዴው በዚህ መሀል አንዱን ቅርንጫፍ ወደ ራሱ ስቦ፣ አበባውን በጣቱ እያራገፈ፣ ሥሩን ጎንበስ ብሎ ያይ ነበር። ነጩ አበባ ጫማው ላይ ሲረግፍ አንድ ነገር ውስጤ ተነሣ።

«ቅርንጫፉን ይልቀቁት!» አልኩ። ድምፄ ከየት እንደወጣ እንጃ። «ጋሼ፣ አባዬ ይህን ቡና የተከለው በሕይወት ያለነው እንድንኖርበት ነው። ለተዝካሩ ብሎ አልተከለውም።»

ነጋዴው ለቀቀው። ጋሽ ተሰማ ግን ፊታቸው ጠቆረ። «እንዲህ ከሆነ ከዘመድ ወገን አንድ ሰው እግሩን አያነሣም። በጎደሬ ድግስ ተዋርዳችሁ ታዩታላችሁ!» ብለው ወጡ። እማዬ እስከ በር ድረስ ሸኘቻቸው፤ ሥርዓት አታጓድልም። ተመልሳም ኩትኳቶዋን ቀጠለች።

በማግሥቱ አብረን ወደ ንስሐ አባታችን ሄድን። ሽማግሌ ቄስ ነበሩ፤ ነገር አያበዙም። እማዬ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ አንገቷን ደፍታ ሳይሆን ቀጥ ብላ ቆማ።

«ፍትሐቱን በቀኑ አደርሳለሁ» አሏት። «በሬ ካልታረደ ነፍስ ገነት አትገባም የሚል እስካሁን አላነበብኩም። ያለሽን ለድኻ አብዪ፤ እሱ ይበቃል።»

እሷ ግን ድኻ ብቻ አልጠራችም። አባዬ መርፌ የወጋውን፣ ቁስል ያጠበለትን፣ ሌሊት ተነሥቶ የሄደለትን ሁሉ ጠራች። ይህ ማለት የቡ በሙሉ ማለት ነው፤ አብዛኛው ደግሞ እስላም ነው። ጎረቤታችን አባ ዱራ፣ የቡና ገበሬ፣ ነገሩን ሲሰሙ ከአህያቸው ጋር መጡ። በአህያዋ ላይ ጎደሬ በጆንያ ተጭኗል።

«ዘነበች ኮ፣ ያንቺ ብቻ አይበቃም» አሉ። አማርኛቸውን በኦሮምኛ ነበር የሚያጣፍጡት፤ «ኮ» «የእኔ» ማለት ነው። «ድሬሰሩ ልጄን ከሞት አፍ መልሶልኛል። ወላሂ፣ ይህን ብትመልሺ እጣላሻለሁ።»

«መቼ እመልሳለሁ፣ አባ ዱራ! ለእርስዎም ለእሱም ይሁን።»

«አብሺር፣ ጎበዝ!» አሉና ጆንያውን ራሳቸው አወረዱ።

ሚስታቸው አዴ ዘይነባና ሌሎች የሰፈሩ ሴቶች ዋዜማውን ከእኛ ጋር ዋሉ። እጃችን እስኪያብጥ ጎደሬ ላጥን። የበቆሎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ጠቅልለን ጋገርን፤ ሽሮ፣ ጎመን፣ በሰናፍጭ የተለወሰ ባቄላ ተሰናዳ። ጠላ ጠመቃ ቀረ፤ በምትኩ አዴ ዘይነባ የማያሰክረውን ቀሪቦ በእንስራ አመጣች። ሣህን አልተከራየንም። ሰፋፊ የኮባ ቅጠል ከጓሮ ቆርጠን አጠብን።

ቀኑ ደረሰ። ፍትሐቱ አልቆ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መንገዱን አሻግሬ አየሁ። ከጅማ በኩል የመጣ መኪና አልነበረም። ከአባዬ ዘመዶች አንድ ሰው አልመጣም። እማዬ እኔ የማየውን አየችና፣ «ዓይንሽን ከመንገድ ላይ አንሺ፤ እንግዶች ደጅ ቆመዋል» አለችኝ።

እውነትም ቆመው ነበር። ከቡና ማሳው እየወጡ፣ በጎርፍ መውረጃው በኩል እየተሻገሩ፣ ልጅ አዝለው፣ ሽማግሌ ደግፈው መጡ። ድንኳን አልነበረንም፤ ከቡናው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ቅጠሉ በየመሀላቸው ተዘረጋ፤ ቄሱም አባ ዱራም ከአንድ ቅጠል ፊት ተቀመጡ። ያኔ ነው የገባኝ። በሬ ቢታረድ ኖሮ በአገሩ ልማድ የክርስቲያኑን ሥጋ እስላሙ አይበላውም። ጎረቤቶቻችን ሐዘናቸውን ገልጸው፣ ወይ ለብቻቸው ተቀምጠው፣ ወይ ከደጅ ተመልሰው ይሄዱ ነበር።

አባ ዱራ መብላት ከመጀመራቸው በፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «እኔ በዚህ ከተማ ብዙ የአማራ ተዝካር መጥቻለሁ» አሉ። «ሁልጊዜ ዳር ነው የምቀመጠው። ዛሬ ግን ከወዳጄ ቤት፣ ከሰው ሁሉ ጋር፣ እጄን አንድ ላይ አሳረፍኩ። አላህ ይማረው። ይህን ያሰበች ሴት ትባረክ።»

ሰዉ «አሚን!» አለ፤ ሌላው «አሜን!» አለ። ሁለቱ ድምፅ አንድ ላይ ወጣ። እማዬ ከሰልስቱ ወዲህ እንባ አልወጣትም ነበር፤ ያኔ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ አለቀሰች። ወዲያው ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ፣ «ጎደሬው ሳይቀዘቅዝ!» እያለች መዞር ጀመረች። ምግቡ ሊያልቅ ሲል ከየቤቱ ሌላ እየመጣ እስከ አመሻሽ ተበላ።

ወሬው ጅማ ሳይውል ሳያድር ገባ። «ባሏን በጎደሬ ሸኘችው» ተባለ። ትምህርት ቤት ድረስ ደርሶኝ አንዲት ልጅ ፊቴ ላይ ሳቀችብኝ። «አዎ፣ በጎደሬ ነው። አንቺም መጥተሽ ቢሆን ትበይ ነበር» አልኳት።

በኅዳር ቡናው ቀላ። ከእነ አባ ዱራ ጋር በደቦ ለቀምነው፤ ከቤታችን ፊት አስጥተን እስኪደርቅ ስናገላብጥ፣ ስንሰበስብ፣ ዝናብ ስንሸሽ ሰነበትን። የማንም ጠባቂ ሳንሆን የራሳችንን ቡና በራሳችን ጊዜ ሸጥን። ወንድሞቼ ከትምህርት ገበታ አልተነሡም። እኔም ጅማ የመምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ፤ ፍራሼ በጭድ የተሞላ፣ ሹራቤ ከአባዬ አሮጌ ሹራብ ተተርትሮ እንደገና የተሠራ ነበር። ሞቆኝ ነው የተማርኩት።

ጋሽ ተሰማ ዘግተውን ቀሩ። እማዬ ግን ሐሙስ ሐሙስ ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ ስትመጣ ሆን ብላ በሱቃቸው በር ታልፍ ነበር። ቆም ትልና መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ፣ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ! እንደምን ሰነበቱ?» ትላለች። እሳቸው ጨርቅ የሚለኩ መስለው ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔ በኀፍረት እጎትታታለሁ፤ እሷ ንቅንቅ አትልም። «እኔ ያጠፋሁት የለኝም፤ ምን ያስደብቀኛል?» ትለኛለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ሐሙስ፣ አንገታቸውን ሳያነሡ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ከዚያ የበለጠ አልተነጋገሩም። እርቅ የሚባል ነገርም አልመጣም። ለእማዬ ግን እሱ በቂ ነበር፤ የዚያን ዕለት እስከ የቡ ድረስ ስትስቅ ሄደች።

እሷም ካረፈች ዘመን አለፈ። አርባዋን እኔና ወንድሞቼ ማንንም ሳናማክር በቤታችን ባለው አወጣን። ዘንድሮ በዚህ ሰፈር እኔን ራሴን «ያች ቋጣሪ መምህርት» የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። ይበሉኝ። መምህር በነበርኩበት ዘመን ሁሉ ለሰርግ፣ ለልደት፣ ለምርቃት፣ ለለቅሶ ሲባል ከቤቱ ያለውን ጥሪት አውጥቶ የሸጠ ስንት ወላጅ አየሁ። ልጆቹ ደብተር አጥተው ፊቴ ሲቀመጡ ድግሱን የበላው ሰው አንዱም አልነበረም። ይሉኝታ ድኻ ቤት ሲገባ ቀድሞ ከገበታው ይቀመጣል፤ በልቶ ሲወጣ ግን ሣህን አያጥብም።

አዲስ አበባ ያሉት ልጆቼ ስልክ ደውለው፣ የልጃቸውን ክርስትና በአዳራሽ ለመደገስ ማሰባቸውን ሲነግሩኝ፣ ከቤታችሁ አቅም አትለፉ እላቸዋለሁ። «እማዬ፣ ሰው ምን ይላል?» ይሉኛል። መልሴ አጭር ነው፤ እነሱም በቃላቸው ይዘውታል።

«ሰው ይበል። እናንተ ብሉ።»