የአክስቴ ወስፌ

ሰሞኑን ጭሮ ከተማ የቀበርናቸው አክስቴ ያለ ወስፌ ከቤት አይወጡም ነበር። ለጫት የሚረጭ መርዝ ያለቀበት ጀሪካን መንገድ ላይ ካዩ፣ ቁጭ ብለው ይበሱት ነበር።

አንድ ገበሬ፣ «አዴ፣ ደህናውን ጀሪካን! ውሃ ልቀዳበት ነበር እኮ!» ብሎ ጮኸባቸው።

«ለዚሁ ነው የበሳሁት። ልጄ፣ መርዝ በማጠብ ቤቱን አይለቅም። እጣቢውም ወንዝ ገብቶ ተመልሶ እኛው ጋ ይመጣል።»

በማግስቱ የራሳቸውን ጀሪካን ወስደው ሰጡት። ልጆቼ፣ መከልከል ለማንም ይቀላል፤ እሳቸው ግን ምትክ ይሰጡ ነበር።

ከሰደቃቸው ስንመለስ ወንዙ ዳር ያልተበሳ የመርዝ ጀሪካን ወድቆ አገኘን። ሁላችንም እሳቸውን እንደሚጠብቅ ሰው ቆምን። ወስፌ የያዘ ስላልነበረ በድንጋይ ቀጥቅጬ ሰነጠቅሁት።

አክስቴ፣ እንደ እርስዎ አላሳመርኩትም፤ ግን ውሃ አይዝም።