ባቡር የሌለበት ፈቃድ

ጅጅጋ ባቡር የላትም። ወልደሥላሴን ግን ይሄ ባቡር ከመውደድ አላገደውም። መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠራ የዓመት ፈቃዱን የጨረሰው ሐዲድ ዳር ቆሞ ነው። ሌላው ሰው በፈቃዱ ዘመድ ይጠይቃል፣ ጠበል ይሄዳል፤ እሱ ሽንሌ ባቡር ጣቢያ ወርዶ የፉርጎ ቁጥር ይመዘግባል። አሮጌው ባቡር ቆሞ አዲሱ እስኪመጣ በነበሩት ዓመታት እንኳ ባዶውን ሐዲድ አይቶ ይመለስ ነበር። እንግዲህ በሽታ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ሚስቱ ሮማነወርቅ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። አምና "ዕረፍት" ብሎ አይሻ ባቡር ጣቢያ ወስዷት ሦስት ቀን ሙሉ አቧራ አብልቷት ተመለሰ። ዘንድሮ፣ በ2012 ታኅሣሥ፣ ጉልበቷን ሲያማት "ኤረር ፍል ውሃ እንሂድ" ቢላት ዓይን ዓይኑን አየችው።

"ኤረርም ሐዲድ አለ።"

"ይኖር ይሆናል፤ እኔ ያሰብኩት ጉልበትሽን ነው።"

"ወልዴ፣ ስማኝ። ባቡር ፍለጋ አንድ ቀን ከሄድክ፣ ከእንግዲህ ከአንተ ጋር የትም አልወጣም። ምዬ ነው የምነግርህ።"

እሱም ማለ። ሲምል ልቡ ቀድሞት ኤረር ጣቢያ ደርሶ ነበር። ግን ፈርቷል። ሮማነወርቅ ያለችውን ታደርጋለች፤ ልጆቹ አግብተው ሄደዋል፣ ጡረታው ደርሷል፣ ከእሷ ሌላ አብሮት የሚወጣ የለውም።

ኤረር ጥሩ ቦታ ነው። በዚያ ሁሉ በረሃ መሃል ብርቱካንና ማንጎ ጥላ ሠርተው ቆመዋል። ፍል ውሃው ደግሞ ሥርዓት አለው፤ ጠዋት የሴቶች ተራ፣ ከሰዓት የወንዶች። ጠባቂው ኢሴ ይህን ሲነግራቸው ወልደሥላሴ ሊስመው ምንም አልቀረውም። ባቡሩ የሚያልፈው ከሰዓት ነዋ!

ሮማነወርቅ ምሳ በልታ ጋደም ስትል እሱ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል ያደርግና "ተራዬ ደረሰ" ብሎ በባጃጅ ወደ ጣቢያው ይከንፋል። ሲመለስ፣ ጣቢያው ላይ ሻይ ከምትሸጠው ከሚሬ ጀሪካን ውሃ ለምኖ ፀጉሩንና ፎጣውን ያረጥባል። ሚሬ በመጀመሪያው ቀን ውሃውን ቀድታ ሰጠችው። በሁለተኛው ግን አላስቻላትም።

"አዴር፣ ፍል ውሃው እኮ በዚያ በኩል ነው" አለችው፣ እንደ አጎቷ ጠርታ እየሳቀች።

በመጀመሪያው ቀን የጭነት ባቡር አለፈ፤ በሁለተኛው ምንም የለም። የመንገደኛው ባቡር ቀን ሦስተኛው ነበር። በዚያ ቀን ታዲያ ከድሬዳዋ የሠርግ ሴቶች ሙሽራቸውን ይዘው ፍል ውሃው ላይ ወረዱ። ኢሴ ምን ያድርግ፣ ከሰዓቱን ለእነሱ ሰጠ። ወልደሥላሴ ጣቢያ ስለነበር ይህን አላወቀም። ሮማነወርቅ ግን እልልታው ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት።

"ባሌስ የት ሄደ?" አለችው ኢሴን።

"ኤዶ፣ አክስቴ፣ ባልሽን ከመጣችሁ ጀምሮ እዚህ አላየሁትም፤ ወላሂ!"

ባቡሩ ከሩቅ ብቅ ሲል ወልደሥላሴ ደብተሩን ከፈተ። በዚያው ቅጽበት አንድ ባጃጅ ደረሰና ሮማነወርቅ ሁለት ሻንጣ ይዛ ወረደች። እሱን ዞር ብላ ሳታይ በቀጥታ ወደ ትኬት መስኮቱ ሄደች።

"ሮሚ..." አለ ተከትሏት።

"ወደ ቤቴ ነው የምሄደው። እስከ ድሬዳዋ በዚህ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። አንተ እንደለመድከው ቆመህ እይ።"

ባቡሩ ገብቶ ቆመ። ወልደሥላሴ አላየውም። የሚያየው የሚስቱን ጀርባ ነበር። ደረጃው ላይ ስትደርስ ጉልበቷ እምቢ አላት። ሮጦ ደገፋት፣ አወጣት፣ ሻንጣዎቹን አቀበላት። ያኔ ዞራ ትኬት እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

"መታወቂያህ እኔ ጋ ስለሆነ ነው የቆረጥኩልህ። የታረቅኩህ እንዳይመስልህ።"

ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ወልደሥላሴ ወንበሩን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ።

"ምን ሆነሃል?"

"ተሳፍሬ አላውቅም።"

ሮማነወርቅ የሰማችውን ማመን አቃታት። "ያን ሁሉ ዓመት? ለምን?"

"ብቻዬን ምን ያደርግልኛል? ከአንቺ ጋር እንዲሆን ፈልጌ ነው።"

"ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

ወልደሥላሴ አሰበ። ስለ ባቡር ያልነገራት ነገር የለም፤ ፍጥነቱን፣ ርዝመቱን፣ የፉርጎውን ብዛት። ይህን ግን አንድ ቀንም ጠይቋት አያውቅም። አፈረ።

"አላውቅም" አለ።

"በል አሁን ጠይቀኝ።"

"ተሳፍረን የለም እንዴ?"

"ቢሆንም።"

ወልደሥላሴ ጉሮሮውን ጠረገ። "ሮሚ፣ ከእኔ ጋር ባቡር ትሳፈሪያለሽ?"

"አስብበታለሁ" አለችው፤ የታመመ እግሯንም አንሥታ ጭኑ ላይ አሳረፈች።