ግድግዳ ውስጥ የተደፈኑት ድንቢጦች

ታላቅ ወንድሜን በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነበር። የስፌት መኪና ጠጋኝ በመሆኑ በየከተማው «ጋሽ መርፌ» ይሉታል። የመሣሪያ ሣጥኑን አንጠልጥሎ ካንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲዞር ዕድሜውን ፈጀ። ዝምተኛ ነው፤ ደንበኛ ሲነተርከው እንኳ አንገቱን ደፍቶ መኪናውን ከመጠገን በቀር መልስ አይሰጥም።

በመምህርነት ወደ ተመደብኩበት ከተማ ሲያደርሰኝ፣ መንገድ ላይ ባለች ማረፊያ ቤት አውቶቡስ ስንጠብቅ ሁለት ቀን ከረምን። ከክፍላችን መስኮት በላይ፣ የድሮ ቧንቧ ከተነቀለበት ቀዳዳ ውስጥ፣ ድንቢጦች ጎጆ ሠርተው ነበር። እናትና አባት ትልና ፌንጣ ያመላልሳሉ፤ ጫጩቶቹ ቢጫ አፋቸውን በርግደው ይንጫጫሉ። ወንድሜ ወንበሩን አዙሮ፣

«አየሽ፣ አባትየው ሰነፍ ነው። እሷ ሦስቴ ስትመላለስ እሱ አንዴ!» አለኝ።

«አንተን መስሎ ነዋ፣ ጋሼ።»

ሣቀ። እንዲያ ሲሥቅ ብዙ አላየሁትም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ቲኬት ቆርጠን ስንመለስ ግድግዳው ነጭ ሆኗል። ቀዳዳው የለም። እናትየው ፌንጣ በአፏ እንደያዘች ግድግዳውን በክንፏ ትመታለች።

«እዚህ የነበረው ቀዳዳስ?» አለ ወንድሜ።

«ደፈንኩታ!» አለ መሰላል ሥር የቆመው ቀለም ቀቢ ኮራ ብሎ። «መጀመሪያ ቀዳዳ በስቱኮ መድፈን ነው፤ ቀለም ከዚያ በኋላ።»

«ውስጡን አይተሃል?»

«ቀዳዳ ደግሞ ምን ውስጥ አለው?»

የወንድሜ ፊት ጠቆረ። «አንተ ሰው! ልጆች ከነነፍሳቸው ቀብረህ ስለ ሥራ ታወራለህ?» ብሎ ካቻቢቴውን ከሣጥኑ መንጭቆ መሰላሉን ወጣ።

የማረፊያ ቤቱ ባለቤት እየተንደረደሩ መጡ። «ምን ነካህ? ለወፍ ብለህ ግድግዳዬን ታፈርሳለህ?»

«እትዬ፣ እንግዳ ተኝቶ ሳለ በሩን በግንብ ዘግተው ያውቃሉ?»

«እንግዳ ተመዝግቦ ነው የሚገባው!»

አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። «ጋሼ፣ ሊሄድብን ነው!» አልኩት።

«ይሂድ!»

ስቱኮው ገና አልደረቀም ነበርና እየተላጠ ወደቀ። ቀዳዳው ተከፈተ፤ ድምፅ ግን የለም። ወንድሜ ወርዶ ሁላችንንም ወደ ኋላ ገፋን። እናትየው ዞረች፣ ዞረችና ገባች። መጀመሪያ አንድ ቀጭን ጩኸት ተሰማ፤ ቀጥሎ ሁሉም ተንጫጩ።

አሁን ይበርድለታል ስል ጭራሽ ባሰበት። «አንድ ጣት ሰዶ መዳሰስ ምን ያቅት ነበር? ጩኸታቸው እስከ መንገዱ ይሰማ የለም?» እያለ ወንበሩን ከቀዳዳው ሥር አምጥቶ ተቀመጠ። አውቶቡሱ ሄዷል፤ የሚቀጥለው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። እኔም ብሆን ተቀይሜ ከቀቢው ጋር ዓይን ለዓይን ለመተያየት አልፈለግሁም።

ቀቢው ባልዲውን ይዞ እያመነታ ቀረበ። «ጋሼ፣ እኔም እኮ ሥራዬን መጨረስ አለብኝ። መቼ ልመለስ?»

«እነሱ ሲጨርሱ!» አለው ወንድሜ፣ ፊቱን እንኳ ከጎጆው ሳያዞር።